መምህራን በዩኒቨርሲቲ አስተዳደር፦ ስለ አካዳሚክ ኮሚቴዎች ሥራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለኮሚቴ የተመረጠ መምህር አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው የአባላት ስም ዝርዝርና የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን ብቻ ነው። ሥልጣኑ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ የተወሰነው ነገር ወዴት እንደሚሄድ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚቆጠር የሚነግረው አያገኝም። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች አዲስ አባላት፣ ሰብሳቢዎችና ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። የየዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ ስለሚለያይ እዚህ የተጻፈው ከደንባችሁ ጋር ከተጋጨ የሚጸናው ደንባችሁ ነው።

መምህራን በአስተዳደር ውስጥ ለምን ይገባሉ? ዲኑና ፕሬዚዳንቱ ቢወስኑ አይበቃም?

አንድ የኬሚስትሪ ተመራቂ ምን ማወቅ እንዳለበት፣ የአንድ የታሪክ ተመራማሪ ሥራ ደረጃውን ይመጥን እንደሆነ መፍረድ የሚችለው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው። በጀት፣ ሕንፃና ሕጋዊ ተጠያቂነት ደግሞ የቦርዱና የሥራ አመራሩ ድርሻ ናቸው። ኮሚቴዎች የተፈጠሩት እነዚህን ሁለት ኃላፊነቶች ለማገናኘት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ማኅበር ነበር፤ በቦሎኛ ግን መምህሩን የሚቀጥሩትና የሚቆጣጠሩት በማኅበር የተደራጁ ተማሪዎች ነበሩ። በቅርቡ ዘመን በብዛት የሚጠቀሱት ሰነዶች ሁለት ናቸው። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው የኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አስተዳደር መግለጫ ለሥርዓተ ትምህርት፣ ለማስተማር ዘዴ፣ ለምርምርና ለመምህራን ቅጥርና ዕድገት ቀዳሚው ኃላፊነት የመምህራን ነው ይላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዩኔስኮ የከፍተኛ ትምህርት መምህራን ምክረ ሐሳብ ደግሞ መምህራን በተቋማቸው የአካዳሚክ አካላት ውስጥ አብላጫውን ተወካይ የመምረጥ መብት ሊኖራቸው እንደሚገባ ያስቀምጣል።

ኮሚቴው የተስማማበት ነገር ውሳኔ ነው ወይስ ምክር?

መልሱ ያለው በኮሚቴው ማቋቋሚያ ሰነድ ውስጥ ባለችው ግሥ ላይ ነው። «ይወስናል»፣ «ያጸድቃል»፣ «የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል»፣ «አስተያየት ይሰጣል» የሚሉት አንድ አይደሉም። «ይወስናል» ከተባለ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል፤ በላይ ያለው አካል የሚያየው ይግባኝ ሲቀርብ ብቻ ነው። «የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል» ከተባለ የመጨረሻው ቃል የሌላ ነው፤ ያ አካል ሐሳቡን ሳይቀበል ቢቀር ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ መገደዱን ሰነዱ ሊናገር ይገባል። «አስተያየት ይሰጣል» ብቻ ከሆነ ግን ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ አስተያየት ለማንም አይጠቅምም፤ ስለዚህ ሰነዱ «ከውሳኔ በፊት ቢያንስ 15 የሥራ ቀን» እንደሚለው ያለ ገደብ ያስፈልገዋል።

በመምህራንና በሥራ አመራር መካከል የሚነሳ አለመግባባት በአብዛኛው የሚመጣው ይህች ግሥ ሳትጻፍ በመቅረቷ ነው። አንዱ ወገን ወስኛለሁ ይላል፤ ሌላው ሰምቻለሁ ይላል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሰነዱን አምጥታችሁ አንብቡ። ሰነድ ከሌለ የመጀመሪያው አጀንዳ እሱን አርቅቆ ለሚመለከተው አካል ማቅረብ ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ዓላማ፣ ሥልጣን፣ አባላት፣ የሥራ ዘመን፣ ምልዓተ ጉባኤና ተጠሪነት ከተጻፉበት ሙሉ ነው።

በቋሚና በጊዜያዊ ኮሚቴ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ቋሚ ኮሚቴ በደንብ የተቋቋመና ሥራው በየዓመቱ የሚደጋገም ነው፤ የሥርዓተ ትምህርት፣ የማዕረግ ዕድገት፣ የምርምርና ሥነ ምግባር፣ የቅበላና የተማሪ ምዘና ኮሚቴዎች ከዚህ ይመደባሉ። ጊዜያዊ ኮሚቴ አንድ ጥያቄ መልሶ ይበተናል። የሚያቋቁመው ደብዳቤ ጥያቄውን፣ ሪፖርቱን ለማን እንደሚያቀርብና የሚበተንበትን ቀን ካልያዘ ሥራው ማብቂያ አይኖረውም፤ ወይም የቋሚውን ኮሚቴ ሥራ እየወሰደ ሁለት አካላት በአንድ ጉዳይ ሁለት ሐሳብ ያወጣሉ።

ስንት አባል ይበቃል? የሥራ ዘመኑስ?

ፋይል መርምሮ ለሚወስን ኮሚቴ ከ7 እስከ 11 አባል ይመቻል። ከ5 ካነሰ ሁለት ሰው ሲቀር ሥራው ይቆማል፤ ከ15 ከበለጠ ሰነዱን የሚያነበው ጥቂቱ ብቻ ይሆንና ሌላው በስብሰባው ላይ እየሰማ ይወስናል።

የሥራ ዘመን 3 ዓመት ሆኖ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛው ቢቀየር ጥሩ ነው። 9 አባላት ካሉ በየዓመቱ 3 ይወጣሉ፣ 3 ይገባሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ከተቀየሩ ያለፈውን ውሳኔ ምክንያት የሚያስታውስ አይኖርም፤ አዲሱ ኮሚቴም አምና በተዘጋ ጉዳይ ላይ እንደገና ለወራት ይከራከራል። ኮሚቴው ገና ሲቋቋም ዘመኑን ማፈራረቅ የሚቻለው የመጀመሪያዎቹን 9 በዕጣ ለ1፣ ለ2 እና ለ3 ዓመት በመመደብ ነው።

አባላት በምርጫ ይግቡ ወይስ በሹመት? ስለ መምህራን መብትና ዕድገት በሚወስን ኮሚቴ ምርጫው መቅረት የለበትም፤ በዲን የተሾመ ኮሚቴ የዲኑን ሐሳብ ሲደግፍ ማንም የመምህራን ድምፅ ነው ብሎ አይቀበለውም። የተለየ ሙያ በሚጠይቅ ኮሚቴ፣ ለምሳሌ በቤተ ሙከራ ደኅንነት፣ ሹመት ተገቢ ነው።

የአንድ ስብሰባ ዝግጅት ምን ይመስላል?

ስብሰባው ሊካሄድ 14 ቀን ሲቀረው ሰብሳቢው አጀንዳ ያላቸውን ይጠይቃል። 10 ቀን ሲቀረው መቀበል ይቆማል። 7 ቀን ሲቀረው አጀንዳውና ሙሉ ሰነዱ ለአባላት ይላካል። በእያንዳንዱ አጀንዳ ፊት «ለውሳኔ»፣ «ለውይይት» ወይም «ለመረጃ» ተብሎ ይጻፍ፤ የሚወስደው ጊዜም በደቂቃ ይገመት። ለመረጃ የመጡት መጨረሻ ላይ ይቀመጡ። ሰው ደክሞት መውጣት ሲጀምር የሚወሰን ነገር መቅረት የለበትም፤ ውሳኔ የሚሹትን ስብሰባው ትኩስ ሳለ ማየት ይሻላል።

ጠዋት ለሚደረግ ስብሰባ ማታ 60 ገጽ የሚልክ ክፍል ካለ አጀንዳው ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ። አንድ ጊዜ ይህን ዝም ብሎ ያሳለፈ ሰብሳቢ ዓመቱን ሙሉ ሰነድ የሚደርሰው በመጨረሻው ሰዓት ነው።

ምልዓተ ጉባኤና ድምፅ እንዴት ይቆጠራል?

ደንቡ ሌላ ካላለ ምልዓተ ጉባኤ ማለት ከአባላት ከግማሽ በላይ የሚሆነው መገኘት ነው። «ሃምሳ ሲደመር አንድ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግን ያሳስታል። 15 አባላት ባሉበት ግማሹ 7 ነጥብ 5 ነው፤ አንድ ሲደመርበት 8 ነጥብ 5 ይሆንና አንዳንዱ 9 ሰው ይጠብቃል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የመጀመሪያው ሙሉ ቁጥር ግን 8 ነው። ደንብ ስታረቁ «ከግማሽ በላይ» ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው ችግር ያልተሞላ ወንበር ነው። ከ15 ወንበር 3ቱ ክፍት ከሆኑ ስሌቱ የሚነሳው ከ15 ነው ወይስ ከ12? ከ15 ከሆነ 8፣ ከ12 ከሆነ 7 ሰው ያስፈልጋል። ደንቡ ይህን ካልመለሰ በአንድ ሰው ልዩነት የተላለፈ ውሳኔ በኋላ ሊሰረዝ ይችላል። አባላት አቋርጠው ሲወጡም ቁጥሩ እንደገና ይታያል፤ ሲጀመር የተሟላ ጉባኤ በመሃል ከጎደለ ከዚያ በኋላ የተወሰነው አይጸናም። ጸሐፊው የሚወጣውን ሰው ሰዓት የሚመዘግበው ለዚህ ነው።

አብላጫ ድምፅም ሁለት ዓይነት ነው። 11 ሰው ተገኝቶ 5 ደገፈ፣ 4 ተቃወመ፣ 2 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ እንበል። ደንቡ «ከተሰጠው ድምፅ አብላጫው» ካለ ድምፀ ተአቅቦ አይቆጠርም፤ 5 ከ9 ግማሽ ይበልጣልና ሐሳቡ አለፈ። «ከተገኙት አባላት አብላጫው» ካለ ግን 6 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ሐሳቡ ወደቀ። በዚህ ሁለተኛው አቆጣጠር ድምፀ ተአቅቦ የተቃውሞን ያህል ይሠራል። ገለልተኛ የሆኑ መስሏቸው አንድን ሐሳብ የሚጥሉ አባላት ስላሉ ሰብሳቢው ከድምፅ በፊት ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ድምፁ እኩል ከሆነ አብላጫ አልተገኘም፤ ሐሳቡ ወድቋል። ሰብሳቢው ወሳኝ ድምፅ የሚኖረው ደንቡ ከሰጠው ብቻ ነው።

ቃለ ጉባኤ ውስጥ ምን ይጻፍ?

የኮሚቴ ሥራ ከዓመታት በኋላ የሚታወቀው በቃለ ጉባኤው ነው፤ ይግባኝ ሰሚ አካልም፣ የውጭ ጥራት ገምጋሚም፣ አዲስ አባልም የሚያነበው እሱን ነው። መኖር ያለበት ይህ ነው፦ ቀን፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የተገኙ፣ በፈቃድ የቀሩና ያለ ፈቃድ የቀሩ አባላት፤ በእያንዳንዱ አጀንዳ የውሳኔው ሙሉ ቃል፣ የድምፁ ቁጥር፣ ምክንያቱ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር፤ ከዚያ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ።

ማን ምን እንደተናገረ በየስሙ መጻፍ አያስፈልግም። ሰው ሐሳቡ በስሙ እንደሚመዘገብ ካወቀ በነጻነት አይናገርም፤ ሐሳቡን በክርክር መሃል ለመለወጥም ያፍራል። የልዩነት ሐሳቡ እንዲመዘገብለት የጠየቀ አባል ግን ይመዝገብለት፤ ቢቻል ራሱ በጽሑፍ ያቅርበው።

በብዛት የሚታዩት ጉድለቶች ሦስት ናቸው። «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል» ብሎ ማለፍ ምንም አይነግርም፤ ምን ተወሰነ? ድምፅ ሳይሰጥ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ማለት ደግሞ ሐሰት ነው፤ ተቃውሞ ካልቀረበ «ተቃውሞ ሳይቀርብበት ጸድቋል» ይባል። ሦስተኛውና ከባዱ የውሳኔውን ቃል ከስብሰባ በኋላ ማርቀቅ ነው። አሥር ሰው ስለ አንድ ሐሳብ ተስማምቶ ሲበተን አሥር ዓይነት ትርጉም ይዞ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጸሐፊው የውሳኔውን ቃል ጮክ ብሎ ያነባል፤ ድምፅ የሚሰጠው በተነበበው ላይ ነው።

ረቂቁ በ2 ቀን ውስጥ ይዘጋጅ፣ በሳምንት ውስጥ ለአባላት ይድረስ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ ሆኖ ይጽደቅ። ውሳኔዎችን በቁጥር መለየትም ይጠቅማል፤ «የ4ኛው ስብሰባ 2ኛ ውሳኔ» የሚባል ነገር በኋላ በቀላሉ ይገኛል።

አዲስ ኮርስ ወይም የተሻሻለ ሥርዓተ ትምህርት ለምን ተመላልሶ ይመጣል?

መንገዱ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ክፍል ወደ ኮሌጅ ወይም ፋኩልቲ ኮሚቴ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ፣ ከዚያ ወደ ሴኔት፣ በመጨረሻም ወደ ሬጅስትራር ነው። በየደረጃው አንድ ጊዜ እንኳ ቢመለስ አንድ ሴሚስተር ይሄዳል። ስለዚህ ሬጅስትራሩ ኮርስ ከሚመዘግብበት የመጨረሻ ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ጀምሩ።

ኮሚቴው የሚመልስበት የመጀመሪያው ምክንያት የሥራ ጫና ስሌት ነው። በአሜሪካ ሥርዓት በተለመደው አቆጣጠር 1 ክሬዲት በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ከክፍል ውጭ፣ ለ15 ሳምንት ነው፤ 45 ሰዓት ይሆናል። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ 135 ሰዓት ነው። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት ደግሞ 1 ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ሲሆን ሙሉ ዓመት 60 ክሬዲት ይይዛል። አሁን አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት ትምህርት፣ 5 ሰዓት ቤተ ሙከራና 4 ሰዓት ንባብ ጠየቀ እንበል። 12 በ15 ሲባዛ 180 ይመጣል፤ ከተፈቀደው 135 ሰዓት በ45 ይበልጣል። ወይ ይዘቱ ይቀነስ፣ ወይ ኮርሱ 4 ክሬዲት ይሁን። ኮርሱን 4 ካደረጋችሁት ደግሞ ከፕሮግራሙ ጠቅላላ ክሬዲት ሌላ ቦታ 1 መቀነስ አለበት። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ሁሉም መጨመር ይፈልጋል፣ የሚወጣውን ለመጠቆም የሚደፍር የለም።

ቅድመ ተፈላጊ ኮርሶችም በጥንቃቄ ይታዩ። አራተኛው ኮርስ ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው አንደኛውን ከጠየቀ ተማሪው ቢያንስ 4 ሴሚስተር ያስፈልገዋል። ኮርሶቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡ ከሆነ በአንዱ የወደቀ ተማሪ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል። ሰንሰለቱን በወረቀት ላይ ሣሉት፤ በሐሳብ ብቻ አይታይም።

የትምህርት ውጤቶች አጻጻፍ ሌላው ነው። «ተማሪው ጽንሰ ሐሳቡን ይረዳል» የሚል ውጤት በምን ይለካል? «ያሰላል»፣ «ያወዳድራል»፣ «ይነድፋል» የሚሉ ግሦች ምዘናውን አብረው ይጠቁማሉ። ከዚህ ሌላ ሁለት ጥያቄዎች ሁልጊዜ ይቀርባሉ፤ ተማሪዎቻቸውን ወደዚህ ኮርስ የሚልኩ ሌሎች ትምህርት ክፍሎች ተጠይቀዋል ወይ? በአሮጌው ሥርዓተ ትምህርት የጀመሩ ተማሪዎችስ እንዴት ይጨርሳሉ? የሁለተኛው መልስ የመሸጋገሪያ ሠንጠረዥ ነው፤ አሮጌው ኮርስ በግራ፣ የሚተካው በቀኝ።

የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ በምን ላይ ተመሥርቶ ይወስናል?

በፋይሉ ላይ፤ ከፋይሉ ውጭ በተሰማ ወሬ ላይ አይደለም። የማመልከቻው መዝጊያ ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሰነድ የሚገባው ደንቡ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ለአንዱ ከተፈቀደ ለሁሉም ነው። የትኛው መስፈርት እንደሚሠራም አስቀድሞ ይወሰን። መስፈርቱ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ አመልካቹ የሚመዘነው በአዲሱ ነው ወይስ በአሮጌው? ይህን ፋይል እያዩ መወሰን ለአድልዎ በር ይከፍታል።

የውጭ ገምጋሚዎች የአመልካቹ አማካሪ የነበሩ፣ ወይም በቅርብ ዓመታት አብረውት የጻፉ መሆን የለባቸውም። ከፊሉን አመልካቹ ይጠቁም፣ ከፊሉን ኮሚቴው ራሱ ይፈልግ። ሁሉም እሺ ስለማይሉ 3 ደብዳቤ የሚፈልግ ኮሚቴ 6 ወይም 8 ስም ይያዝ። ከደብዳቤው ጋር መስፈርቱን መላክ አይረሳ፤ ገምጋሚው የሌላ ተቋምን መለኪያ ይዞ ይመዝናልና።

የኅትመት ቁጥርና የመጽሔቱ ደረጃ ብቻ ሊወስን አይገባም። በ2012 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ የተነደፈው የምርምር ምዘና መግለጫ የመጽሔትን ኢምፓክት ፋክተር (በመጽሔቱ የወጡ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር) የአንድን ጽሑፍ ጥራት መለኪያ ማድረግ እንዲቀር ይጠይቃል። የስም ቅደም ተከተልም ያሳስታል፤ በሒሳብና በኢኮኖሚክስ ደራሲዎች ብዙውን ጊዜ በፊደል ተራ ስለሚጻፉ ሦስተኛ የተጻፈው ያነሰ ሠራ ማለት አይደለም። አመልካቹ በእያንዳንዱ ሥራ የነበረውን ድርሻ በሁለት መስመር እንዲጽፍ መጠየቅ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ያልተሳካለት አመልካች ምክንያቱን በጽሑፍ ማግኘት አለበት፤ የትኛው መስፈርት እንዳልተሟላና በምን ማስረጃ። «ገና ነው» የሚል መልስ የአንድ ሰው የዓመታት ድካም ላይ የሚሰጥ መልስ አይደለም። ይግባኝ ሰሚው አካል ብዙ ጊዜ የሚመረምረው ሥነ ሥርዓቱ መጠበቁን እንጂ የሥራውን ጥራት ስላልሆነ ጥንቃቄው እዚህ ነው የሚያስፈልገው።

የጥቅም ግጭት ያለበት አባል ድምፅ ካልሰጠ አይበቃም?

አይበቃም። ከክፍሉ ይውጣ፤ መውጣቱና መመለሱም በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ። ቁጭ ብሎ የሚሰማ ባለጉዳይ ባይናገርም የሌሎችን አንደበት ይይዛል። የትዳር አጋር፣ ዘመድ፣ የጥናት አማካሪ፣ አብሮ ደራሲ፣ ለዚያው ቦታ የሚወዳደር ሰው፣ በክስ ወይም በቅሬታ ላይ ያለ ባልደረባ ሁሉም ግጭት አለባቸው። በትምህርት ክፍል ደረጃ ድምፅ የሰጠ ሰው በኮሌጅ ደረጃ በዚያው ፋይል ላይ እንደገና ድምፅ እንዳይሰጥ ማድረግም ጥሩ አሠራር ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ፋይል፣ አንድ ድምፅ።

በኢሜይል ድምፅ መስጠት ይቻላል?

ደንቡ ከፈቀደ ብቻ። ለቀላልና ክርክር ለሌለበት ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለቃለ ጉባኤ እርማት፣ ይሠራል። ለሰው ፋይል አይሁን፤ ምስጢሩ አይጠበቅም፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሳይሰማ ይወስናል። ከተደረገ የውሳኔው ቃልና የማብቂያ ሰዓቱ በመልእክቱ ውስጥ ይኑር፤ አንድ አባል እንኳ ውይይት ከጠየቀ ወደ ስብሰባ ይመለስ።

ተማሪዎች አባል ይሆናሉ?

በሥርዓተ ትምህርት፣ በምዘናና በተማሪ አገልግሎት ኮሚቴዎች፣ አዎ፤ የኮርሶቹ ሰንሰለት የት ላይ እንደሚይዝ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በዕድገትና በሰው ጉዳይ ፋይል ላይ በብዙ ተቋማት አይገቡም። ከገቡ ግን ሰነዱ እንደሌላው አባል በ7 ቀኑ ይድረሳቸው፤ ወንበር ሰጥቶ ሰነድ መከልከል ተሳትፎ አይደለም።

ሥራ አመራሩ የኮሚቴውን ሐሳብ ውድቅ ቢያደርግስ?

በመጀመሪያ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ከላይ የተጠቀሰው የ1966ቱ መግለጫ በመምህራን ቀዳሚ ኃላፊነት ሥር ባሉ ጉዳዮች ቦርዱና ፕሬዚዳንቱ የመምህራንን ፍርድ የማይቀበሉት አልፎ አልፎና በዝርዝር በተገለጸ አሳማኝ ምክንያት ብቻ መሆን አለበት ይላል። ምክንያቱ ገንዘብ ከሆነ ኮሚቴው በዚያ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ አሻሽሎ መልሶ ማቅረብ ይችላል። ምክንያቱ የአካዳሚክ ፍርድ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ሴኔቱ ይሂድ። ሁለቱንም መንገድ የሚዘጋው ምክንያት የሌለው የኮሚቴ ውሳኔ ነው፤ «እንዲጸድቅ ተስማምተናል» ብቻ የሚል ወረቀት የሚከራከርለት ነገር በውስጡ የለም።

ኮሚቴው ከመምህራን ማኅበር ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ማኅበሩ ስለ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓትና ቅሬታ ይደራደራል፤ ኮሚቴው ስለ ትምህርትና ምርምር ይወስናል። ድንበሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ለክርክር ይጋለጣል። በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየሺቫ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የግል ዩኒቨርሲቲው መምህራን በአስተዳደሩ ካላቸው ሰፊ ሥልጣን የተነሳ እንደ ሥራ አመራር ይቆጠራሉ ብሎ በ5 ለ4 ወሰነ፤ በዚህም በፌዴራሉ የሥራ ሕግ የተጠበቀው የኅብረት ድርድር መብት ቀረባቸው።

አዲስ የተቀጠረ መምህር ስንት ኮሚቴ ውስጥ ይግባ?

በመጀመሪያው ዓመት ባይገባ ይመረጣል፤ ከዚያ አንድ፣ ያውም በትምህርት ክፍል ደረጃ። በወር አንድ ጊዜ ለ2 ሰዓት የሚሰበሰብ ኮሚቴ ንባቡና ተከታይ ሥራው ተጨምሮ በወር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል፤ ፋይል በሚታይበት ወቅት ደግሞ ሙሉ ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዕድገት መስፈርቱ የኮሚቴ አገልግሎት ያለው ክብደት ትንሽ ሆኖ ሳለ ሸክሙ «እምቢ» ማለት በሚከብዳቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ይከማቻል። በክፍሉ ቁጥራቸው ያነሰ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ለስብጥር ሲባል በየኮሚቴው ስለሚጠሩ ጫናው በእነሱ ላይ ይብሳል። የትምህርት ክፍል ኃላፊው በዓመቱ መጀመሪያ ማን በስንት ኮሚቴ እንዳለ በአንድ ሠንጠረዥ አውጥቶ ለሁሉም ቢያሳይ፣ ሦስት ኮሚቴ ያለበት ሰው አራተኛውን ሲጠየቅ ሠንጠረዡን እያሳየ «አሁን አልችልም» ማለት ይችላል።